አባቴን ለመላጨት

ስለ ፂም ሁለት መጣጥፍ ጽፌያለሁ፤ ሁለቱም ስህተት ነበሩ። በመጀመሪያው፣ ወንድ ልጅ በየጠዋቱ ፊቱን መላጨቱ ለአለቃው፣ ለአማቱና ለፎቶ አንሺው የሚገብረው ግብር ነው አልኩ። ሁለተኛውን የጻፍኩት ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ከተማው ሁሉ ፂሙን ማሳደግ ጀምሮ ስለነበር፣ ማሳደጉም ግብር ነው አልኩ። እኔ ግን በሁለቱም ጊዜ ባለ ፂም ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምላጭ ፊቴን አልነካውም። ምክንያቱን የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝ ከዚህም ከዚያም መጽሐፍ እየጠቀስኩ አስረዳለሁ። እውነቱ ግን መላጨት አለመቻሌ ነው። በጉርምስናዬ ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለቴም አገጬን ቆርጬ ተውኩት። ፍልስፍናው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

መላጨት የተማርኩት በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያውም ለራሴ ፊት ብዬ አይደለም።

እናቴ ሰኔ መግቢያ ላይ አረፈች። አባቴ ከወረታ ወጣ ብሎ ቁሐር ሚካኤል ሩዝ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ወንድ ፂሙን አይላጭም። አርባው ደርሶ ተዝካሩ ሲወጣ፣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ «ይበቃዎታል፣ ይላጩ» ይለዋል። ሐዘንተኛውም አንዴ እንቢ፣ ሁለቴ እንቢ ብሎ፣ በሦስተኛው ይላጫል። እንቢታው የወግ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ሐምሌ ነበር። ሜዳውን ውሃ ውጦታል። ሽማግሌዎቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው መጡ። በሉ፣ ጠጡ፣ ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ።

«እንግዲህ እግዜር ያጥናዎት። ይላጩ» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ። አልላጭም» አሉ አባቴ።

«ኧረ ይተው፣ ለነፍሷም ደግ አይዶለም። ይላጩ።»

«አልላጭም።»

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ የጠየቁት ፈገግ ብለው፣ ምላጭ እንዲመጣ ዓይናቸውን ወደ ጓዳ እየወረወሩ ነበር። አባቴ በሦስተኛውም እንቢ አሉ። ለዚህ የተዘጋጀ ሰው አልነበረም። ወጉ አራተኛ ጥያቄ የለውም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ትንሽ ዝናቡን አሙ፣ ጫማቸውን አንጠልጥለው በመጡበት ውሃ ተመለሱ።

ነገሩ የከበደው መስከረም ላይ ነው። ወረታ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ልጇን ከጥምቀት በኋላ ልትድር ቀን ቆርጣ መጣች። ልጅቷ ያደገችው ከአያቶቿ ጋር፣ በዚያው ቤት ነው። አባቴ ደስ አላቸው፤ ሙሽራው የማን ልጅ እንደሆነ እስከ ሰባት ቤት ጠየቁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ምርቃቱን ግን ለሌላ ሰው ስጭው። የሐዘን ፂም የያዘ ሰው ሙሽራ አይመርቅም።»

«ታዲያ ይላጩዋ!»

አባቴ ዓይናቸውን ወደ ደጁ መለሱ።

«እሷ ደግሞ ‹አያቴ ካልመረቁኝ ከቤት አልወጣም› ብላኛለች። እኔ ምን ላድርግ?» አለች እኅቴ ወደ እኔ ዞራ፤ ፂሙም እንቢታውም የእኔ ይመስል።

እኔ አግባቢ ነኝ ብዬ አስባለሁ። «አባባ፣ ወረታ ልውሰድዎት። በቶንዶስ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም» አልኩ።

«ያ የሚጮኸው ነገር ፊቴ ላይ አይወጣም።»

«እሽ፣ በተራ ምላጭ።»

«የራሴ ምላጭ አለችኝ።»

ምላጯን አውቃታለሁ። እንደ ሰንጢ የምትታጠፍ፣ እጀታዋ ከቀንድ የተሠራ፣ አባቴ ገና ጎረምሳ ሳሉ የገዟት ናት። ስለቷ ቀጥ ብሎ ይሄድና ጫፉ ላይ እንደ እሾህ ይሾላል። ልጆች ሳለን ከሳጥኑ ሥር ማለፍ እንኳ እንፈራ ነበር።

«ታዲያ በእሷ ይላጩ» አልኩ።

አባቴ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጣቶቻቸው ነፋስ እንደነካው የሩዝ ዛላ ይንቀጠቀጡ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ብዙ ያነበበ ሰው መልስ ስለሚበዛበት ጥያቄ ሲያመልጠው አይታወቀውም። በምትኩ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ፦

«እኔ እላጭዎታለሁ።»

አባቴ ፂሜን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «አንተ? ራሱን መላጨት ያቃተው?»

«ኧረ ወንድምዬ፣ ለሠርጉ በሬው ይበቃል፤ አባባን አትረድብን!» ብላ እኅቴ ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ በዚያ ቤት የሰማሁት የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

አባቴ አልሳቁም። ተነሥተው ሳጥኑን ከፈቱ፣ ምላጯን በጨርቅ እንደተጠቀለለች አውጥተው ሰጡኝ። «ተምረህ ና» አሉ።

የት ነው የሚማሩት? ወረታ ውስጥ በምላጭ የሚላጭ ቤት ጠፍቷል። የጤና ሠራተኞቹ «አንድ ስለት ለአንድ ሰው» ብለው ካስተማሩ ወዲህ ጸጉር ቤቶቹ ሁሉ ማሽንና ተጥሎ የሚለወጥ ስለት ይዘዋል፤ ደግ አደረጉ። ግን ከጎንደር መንገድ ዳር፣ ድሮ የአባቴ ላጭ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሙስሊም አሉ። ሱቁን ልጃቸው ይዞታል። እሳቸው ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ከደጃፉ ወንበር ላይ ይውላሉ፤ የመጣውን ሁሉ በእግሩ ኮቴ ያውቁታል።

ምላጯን በእጃቸው አስያዝኳቸው። ከፈቷት፣ አውራ ጣታቸውን በስለቱ ላይ አግድም አሳለፉ። ፊታቸው በራ።

«ይህችንማ እኔ ነኝ ስስላት የኖርኩ። አባትህ እንዴት ናቸው?»

ነገርኳቸው። የመጣሁበትንም ነገርኳቸው። ከዚያ ሌሊቱን ሳስብበት ያደርኩትን ብልሃት አቀረብኩ። «ጋሼ፣ ጫፏን ድንጋይ ላይ አሽተው ዶልዶም ቢያደርጉልኝስ? እንዳትወጋ።»

«ይቻላል» አሉ። «አባትህ ግን ከአፋቸው አጠገብ ማርያም የሳመቻቸው ጥቁር ነጥብ አለች፤ አይዶል? በእሷ ዙሪያ የሚበቅለውን በምን ልታወጣው ነው? በማጭድ?»

ጫፏ እንደሾለች ቀረች።

«አባትህ እኔ ዘንድ መምጣት ከተዉ ሰባት ዓመት ይሆናል» አሉ ምላጯን እያጠፉ። «ዓይኔ ደህና ሳለ ገበያ ላይ አገኛቸው ነበር። ጥርት ብለው ተላጭተው። ራሱን የሚላጭ ሰው ከግራ ጆሮው ሥር ትንሽ ይስታል፤ እጁ ስለማይዞርለት። እሳቸው አንድም ቀን አልሳቱም።»

«እጃቸው ጎበዝ ነበር» አልኩ።

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «አጥራችሁ ላይ ቅል አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ቅል ሞልቶናል። ሐረጉ አጥሩን አልብሶት ነበር። በማግስቱ እንዳዘዙኝ ለጋ ለጋውን ቀጥፌ በፌስታል ይዤ መጣሁ። ለጋ ቅል፣ ልብ ብሎ ላየው፣ እንደ ሕፃን ትከሻ ስስ ጠጉር አለው። ቆዳውም ከሰው ቆዳ ይለሰልሳል፤ ጥፍር ሲነካው ያለቅሳል። ሽማግሌው ሳሙናውን በሞቀ ውሃ መትተው አረፋውን ቅሉ ላይ አስቀቡኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሮአቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

«ድምጿን አዳምጥ። ስትላጭ እንደ ደረቅ ሣር ትንኮሻኮሻለች። ድምጿ ጥፍት ካለ ቆዳ ውስጥ ገብታለች ማለት ነው። ያኔ አትጎትት፣ አትግፋ፤ ቁም። በል ጀምር።»

ጀመርኩ። በሁለተኛው ምት ድምጹ ጠፋ።

«ቁም! ምን እያጨድክ ነው?»

«እንዴት አወቁ?»

«የፎገራ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምር።»

እውነታቸውን ነው። እጄን ተመለከትኩት። ባሕር ዳር ተቀምጬ ሃያ ዓመት ብዕር ብይዝም፣ ይህ እጅ በልቡ የሚያውቀው ስለት ማጭድ ብቻ ነው። ሩዝ ስናጭድ በግራችን ጨብጠን በቀኛችን ወደ ራሳችን እንስባለን፤ ጫፉ ይቀድማል፣ ሆዱ ይከተላል። በምላጭም ያንኑ አደረግሁ። ቅሉን በግራዬ አንቄ፣ ጫፏን አስቀድሜ፣ ወደ ራሴ ጎተትኩ። ቅሉ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ቁስል ተከፍቶ ውሃ አቀረረ። የአባቴ ጉንጭ ቢሆን ብዬ አሰብኩና ምላጯን አስቀመጥኩ።

«ግራህ አይጨብጥ፤ ይወጥር» አሉ ሽማግሌው። «ማጭድ በጎን ነው የሚሄድ። ምላጭ ፊት ለፊት ነው የምትሄድ፤ አጭር አጭሩን። መሀሏ ይሥራ፣ ጫፏ ከቆዳው ከፍ ትበል። በጀርባዋና በቆዳው መካከል አንዲት ባቄላ ትለፍ፤ ሁለት አትለፍ።»

ስለ ሥነ ምግባርም ሆነ ስለ አጻጻፍ እንደዚህ ያለ ግልጽ መመሪያ አንብቤ አላውቅም። አንዲት ባቄላ ትለፍ፤ ሁለት አትለፍ።

በየቅዳሜው ከባሕር ዳር እየመጣሁ ከሳቸው ደጃፍ እማራለሁ፤ ከሰዓት አባቴ ቤት ሄጄ ሐረጉ ላይ ያሉትን ቅሎች ሳልቀጥፍ እላጫለሁ። ምላጯን ከመጀመሬ በፊት ከምሰሶው ላይ በታሰረ ጠፍር እስላታለሁ፤ ጀርባዋን አስቀድሜ ወዲያ፣ ጀርባዋን አስቀድሜ ወዲህ። አባቴ ከደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። አንድ ጎረቤት አህያ እየነዱ ሲያልፉ ቆሙ።

«አያ፣ ልጅዎ ምን እያደረገ ነው?»

«ቅል ይላጫል» አሉ አባቴ።

«ተምሮ ተምሮ?»

«አዎ። ተምሮ ተምሮ።»

ጎረቤትየው ለአህያዋ ከሚያዝኑት በላይ ያዘኑልኝ መሰለኝ።

የለጋ ቅል ቁስል አይጠፋም። ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፤ ቅሉ ሲያድግ እሱም አብሮ ይሰፋል። አጥሩን ከግራ ወደ ቀኝ ያየ ሰው ትምህርቴን በሙሉ ያነበዋል። በግራ በኩል ያሉት የጦር ሜዳ ናቸው። ወደ ቀኝ ሲሄዱ ቁስሉ እየሳሳ ይመጣል። በቀኝ ጥግ ያለው፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ የላጨሁት፣ ምንም የለበትም።

«አሁን ሰው» አሉ ሽማግሌው ኅዳር ላይ። የእኔን ፊት ማለታቸው ነው። ለዚህ የአባቴን ምላጭ አላስነኩኝም፤ የራሳቸውን አሮጌ ምላጭ ቀቅለው ሰጡኝ። «የሳቸውን ፊት የነካ ያንተን አይነካም፤ ያንተን የነካም የሳቸውን።»

ሃያ ዓመት የተከራከርኩለትን ፂም መጀመሪያ በመቀስ አሳጠርኩት፤ ከዚያ በመስተዋት እያየሁ፣ እሳቸው በጆሮአቸው እየተከተሉኝ፣ ላጨሁት። አገጬ ላይ አንድ ጊዜ ድምጿ ጠፋ። ቆምኩ። የወጣችው ደም አንዲት ጠብታ ነበረች፤ ሸብ በምትባለው ነጭ ድንጋይ አሸኋት፣ ለበለበችኝ፣ ደሙም ቆመ። ከመስተዋቱ ውስጥ አገጩ የተለየ፣ ከገመትኩት በላይ አባቴን የሚመስል ሰው አየኝ።

ቁሐር ስደርስ ሰዉ ሩዝ እያጨደ ነበር። ያየኝ ሁሉ ቀና እያለ «እንኳን ከሐዘን ወጣህ!» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። የሃያ ዓመት መጣጥፌ ለነሱ የስድስት ወር ለቅሶ ነበር። አንዳቸውንም አላረምኩም። ምናልባት እነሱ ትክክል ነበሩ።

አባቴ ወደ እሳቸው ጠጋ እንድል ጠሩኝ። የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን በጉንጬ ላይ አሳለፉ፤ እንደ ሽማግሌው ሁሉ እሳቸውም ስለቱን በጣታቸው የሚያነቡ ይመስሉ ነበር። ከግራ ጆሮዬ ሥር ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ስተሃል» አሉ።

ያኔም አልገባኝም።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን ሐሙስ ጠዋት ውሃ አፈላን። ጥር ነው። ሩዙ ተነሥቶ ሜዳው ላይ ከብቱ ቃርሚያ ይግጣል። እኅቴ ሙቅ ውሃውን በሳፋ አምጥታ ልትቆም ስትል አባቴ «አስቀምጭውና ሂጅ፤ ጠላሽን እይ» ብለው አባረሯት። ከዚያ በርጩማቸውን አነሡና ከጓሮው፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸው ወደ አጥሩ በር እንዲሆን አድርገው ተቀመጡ። የአጥሩን በር እንድዘጋ አዘዙኝ። ዘጋሁ።

ፂማቸውን በመቀስ አሳጠርኩ። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ ፊታቸው ላይ አቆየሁ። አረፋውን ቀባሁ። ምላጯን ከፍቼ፣ ባቄላዬን በልቤ አስቀምጬ፣ ወደ ቀኝ ጉንጫቸው ተጠጋሁ።

«ከዚያ አይዶል» አሉ።

«ከየት ልጀምር?»

«ከግራ ጆሮ ሥር። እናትህ ከዚያ ነበር የምትጀምር።»

እጄ አየር ላይ ቀረ። አረፋው እየሟሸሸ በአንገታቸው ወረደ። አባቴ ግድግዳውን እያዩ ነበር የሚናገሩት።

«እጄ ሲያስቸግረኝ፣ አንድ ቅዳሜ ‹ና ተቀመጥ› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው። ይህንኑ በር ዘግተን። ሰው ቢሰማ ምን ይላል፤ ሚስቱ የምትላጨው።»

«ማን አስተማራት?»

«ማን ያስተምራታል! በመጀመሪያው ቀን ቆረጠችኝ። በሁለተኛውም ቆረጠችኝ። በሦስተኛው እየሳቀች ነው የቆረጠችኝ።» ከአንገታቸው የወረደውን አረፋ በፎጣው ጫፍ ጠረጉ። «ፊቴ ላይ ያረፈው የመጨረሻ እጅ የሷ ነው። የሌላ እጅ ካረፈበት… ያው፣ ሄዳለች ማለት ነው።»

ስድስት ወር ሙሉ ስለ እንቢታቸው በልቤ ብዙ ነገር ጽፌ ነበር። ስለ ሽማግሌ ግትርነት፤ ስለ ወግ እስረኝነት፤ ከነርዕሱ። እዚያው ጓሮ ቆሜ ሁሉንም ቀደድኩት።

«አባባ፣ ልተወው?» አልኩ በመጨረሻ። የምሬን ነበር።

ከአጥሩ ማዶ እኅቴ አንዷን ሴት በጋን ሰበብ ስትቆጣ ይሰማል።

«ሙሽራዋን ማን ይመርቃታል?» አሉ። «ላጭ።»

ከግራ ጆሮ ሥር ጀመርኩ። በግራዬ ቆዳውን ወደ ላይ ወጠርኩ። የሰባ አምስት ዓመት ቆዳ እንደ ቅል አይደለም፤ ይሸሻል፣ ይታጠፋል፣ ተከትለው ሄደው መለመን ይፈልጋል። ምላጯ መንኮሻኮሽ ጀመረች። አጭር፣ አጭር። ጆሮዬ ብቻ የቀረኝ ይመስል ነበር። ጉንጩ ወጣ፣ ከዚያ አገጩ፤ ከሰባት ወር ሽበት ሥር ፀሐይ ያላየው ፈዛዛ ቆዳ ብቅ አለ። ጉሮሯቸው ላይ ስደርስ አባቴ መተንፈስ አቆሙ፤ እኔም አቆምኩ። ሁለታችንም እዚያ ሳንተነፍስ ምላጯ ብቻዋን ሥራዋን ሠራች።

ማርያም የሳመቻቸው ቦታ የመጨረሻ ነበረች። ለእሷ ጫፏን ዝቅ አደረግሁ፤ አራት ወር ሙሉ ከቆዳ አርቄ የያዝኳትን ጫፍ። በነጥቧ ዙሪያ ያሉትን አራት አምስት ጠጉሮች አንድ በአንድ፣ እንደ እሾህ ነቃይ፣ አነሣኋቸው። እንኳን ይህች ጫፍ አልዶለዶመች። ልጨርስ ስል፣ ከመንጋጋቸው ጥግ የቀረውን ደግሜ ስነካ ድምጿ ጥፍት አለ። ቆምኩ። አንዲት ቀይ ነጥብ ወጣች።

«ቆረጥኩዎት» አልኩ።

አባቴ በጣታቸው ነኩና አዩት። «እሷም እዚያው ላይ ነበር» አሉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። እንባቸውም አብሮ ይወርድ ነበር፤ የቱ የየትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ፊታቸውን አጥበው እጃቸውን ከግራ ጆሮአቸው ሥር አሳለፉ። ደግመው አሳለፉ።

«አልሳትክም» አሉ።

እሑድ ልጅቷ ከአያቷ ጉልበት ሥር ተንበረከከች። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። አባቴ ሁለት እጃቸውን አንሥተው «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው ጀመሩ፤ ቀጥሎ ያሉትን እልልታው ዋጠው። እጃቸው ራሷ ላይ ሲያርፍ እንደተለመደው ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ በሁለት እጇ ያዘችላቸው፤ ቆመ።

ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አርብ ማታ ስልኬ ጮኸ።

«አድጓል» አሉ አባቴ። ዘጉት።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። ስደርስ በርጩማው ጓሮ አልነበረም። አባቴ ከፊት ለፊት ደጃፍ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተቀምጠዋል። ፎጣው ትከሻቸው ላይ ነው።

«በሩን ልዝጋው?» አልኩ።

«ተወው።»

አረፋውን ቀብቼ ሳልጨርስ ያ ባለ አህያ ጎረቤት አለፉ። ቆሙ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ባዶውን ሐረግ፣ ከዚያ አረፋ የለበሱትን አባቴን ተመለከቱ።

«አያ፣ ዛሬ ደግሞ ተራው የእርስዎ ሆነ?»

አባቴ አረፋው ውስጥ ሆነው፣ አፋቸውን ብዙ ሳያንቀሳቅሱ መለሱላቸው፦

«ምን ላድርግ፤ ቅሉ አለቀበት።»